በረጅም ሐይቅ ላይ የተነሳው ፎቶ

ካውቶኬይኖ፣ ማርች 9

ዮቭና፣

እንዴት ከረምክ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሃል ብዬ መጀመር ነበረብኝ። አልጀምርም። ብትታመም እንኳ ዛሬ መስማት አልፈልግም።

ስልክህን የማላነሳው ለምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ድምፅህን ከሰማሁ ታስቀኛለህ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነህ፤ የአባባን ጀልባ ሰብረህ መጥተህ እንኳ አስቀኸኛል። አሁን መሳቅ አልፈልግም። የምትለው ካለህ ጻፍ። በወረቀት ከሆነ ቁጣዬን ሳላበላሸው አቆየዋለሁ።

ማህተ "መንጋው ሐይቅ ገባ" ብሎ የላከልህ መልእክት እውነት ነው። ባሌን ታውቀዋለህ፤ ከዚያ በላይ ለመጻፍ ጣቱ አልታዘዘውም። እኔ ልንገርህ።

ረጅም ሐይቅ ዳር የነበሩት እናት አጋዘኖቹ ናቸው። ያረገዙት። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ከሰውም ከውሻም ከሞተርም አርቀን የምናስቀምጣቸው እዚያ መሆኑን አንተን ማስረዳት የለብኝም፤ አባባ ሁለታችንንም ይዞን የወጣበት ቦታ ነው። ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ በረዶው መቼም እንደማይጠና ያሳየንም እሱ ነው። እንስሶቹም ያውቁታል። ካላባረሯቸው በስተቀር ወደዚያ አይሄዱም።

ስንደርስ የበረዶ ሞተሮች ዱካ አገኘን። ባለካሜራዎቹ በሆዳቸው የተኙበት ቦታ በበረዶው ላይ እንደ ሬሳ ቅርጽ ታትሞ ነበር። ከወዲያ ማዶ ዓሣ የሚያጠምደው ጎረቤታችን ካሜራ የተሸከመ ድሮን ሲጮህ ሰምቷል። መንጋው ከላይ የሚጮኸውን ሸሽቶ ወደ ወንዙ አፍ ሮጠ። በረዶው ተከፈተ። የቀረውን አንተው አስበው፤ እኔ አይቼዋለሁ፣ አልደግመውም።

ሞተሮቹ ላይ የተለጠፈውን ምልክት ጎረቤታችን አይቶታል። የሮአር ድርጅት ነው። ያንተው ሮአር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከየአገሩ ባለካሜራ ሰብስቦ በረዶና አውሬ የሚያሳየው፣ አንተን ስቫልባርድ ደሴት ድረስ ወስዶ የቡድን መሪ ያደረገህ አሠሪህ።

እናቶቹ በማርች የት እንደሚውሉ የምናውቀው እኔ፣ ማህተ፣ እማና አንተ ነን። ለሮአር የነገረው ማነው? ጥያቄዬ ይኸው ብቻ ነው።

እንዳትመጣ።

ሪስተን


ሎንግየርቢየን፣ ማርች 17

እታለም፣

ደብዳቤሽ ሲደርስ ሜዳ ላይ ነበርኩ። ስመለስ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አገኘሁትና ጓንቴን ሳላወልቅ ቀደድኩት። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ማህተንም እማንም ያጽናቸው። በጣም አዝኛለሁ። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ መቆጣት የኔ ተራ ነው።

እኔ ከጃንዋሪ ጀምሮ ከዚህ ደሴት አልወጣሁም። አሁን ይዤ የዋልኳቸው ሰዎች ገደል ሥር ተኝተው ነጭ ቀበሮ ሲጠብቁ የሰነበቱ ናቸው። አንዲት ሴትዮ ሽፋሽፍቷ በአመዳይ ተጣብቆ፣ "አንዴ ብቻ ዞር ቢልልኝ፣ አንዴ ብቻ" እያለች ታለቅሳለች። "ካልፈለገ አይዞርም፤ እኛ ነን የመጣንበት" አልኳት። ለእንግዶቼ ሁሉ የመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው ይህን ነው። እንስሳው ጆሮውን ካቆመ ካሜራ ይወርዳል፤ እግሩን ካነሳ እንመለሳለን። ይህን ከማን ተማርኩት? ከመንጋ ጋር ካደግሁበት ቤት ነው። አንቺ ግን "የነገረው ማነው" ብለሽ ጻፍሽልኝ። መጠየቅሽ እኮ አይደለም፤ ፈርደሽ ጨርሰሻል!

ለማንም አልነገርኩም። ለሮአርም፣ ሰክሬም፣ ለሴትም አልነገርኩም።

ባልሽን ጠይቂ። ነዳጅ ማደያው ውስጥ ከባለካሜራዎቹ ጋር ቢራ የሚጠጣው እኔ ነኝ? "የኛ ሐይቅ እንዲህ ነው፣ የኛ ሐይቅ እንዲያ ነው" እያለ የሚፎክረው እኔ ነኝ? የሮአርን ሞተሮች የሚጠግነውስ?

አባባ ሲሞት መንጋው ሁለት ቤት አያበላም የተባለ ጊዜ የወጣሁት እኔ ነኝ። አልተከራከርኩም። "ዐይን አለህ፣ ካሜራህን ይዘህ ሂድ" ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሄድኩ። አሁን ደግሞ በሄድኩበት ትከሺኛለሽ።

ስንት ነበሩ? ስንቱ ወጡ? ባለቃጭሏ ሙዜትስ? እማ ስልክ የማታነሳው ለምንድነው? እሷም ተቆጥታኛለች?

ዮቭና


ካውቶኬይኖ፣ ማርች 26

እታለም አትበለኝ።

"ስንት ነበሩ" ብለህ ጻፍክ። ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው። ሰውን ስንት አጋዘን አለህ ማለት ኪሱን መበርበር እንደሆነ የዚህ ቤት ልጅ ረስቶት! እንኳን የሞተውን፣ በሕይወት ያለውን እንኳ ማንም ጠይቆን አያውቅም። ከእንግዶችህ ጋር ስትውል እንደነሱ ሆነሃል። ከፖሊስ ጣቢያ የመጣው ልጅ እንኳ ከደቡብ የመጣ፣ መንጋ የማያውቅ ሰው ሆኖ "ይቅርታ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው" ብሎ አንገቱን ደፍቶ ነው የጠየቀኝ።

ስለ ማህተ የጻፍከውን እሱ አላየውም። እሳት ውስጥ ከትቼዋለሁ። ቢራ ይጠጣል፤ ሞተርም ይጠግናል፤ ይፎክራልም። ነገር ግን የዚያን ቀን በገመድ ታስሮ በደረቱ እየተሳበ የገባው እሱ ነው። የተረፉት የወጡት በእሱ ነው። አሁንም ሲያስል ይሰማኛል። ስሙን በደብዳቤህ ላይ መልሰህ እንዳታነሳው።

ሙዜት የለችም። አንገቷ ላይ ቃጭል ያለው እሷ ስለሆነች፣ እሷ ስትሮጥ ሁሉም ተከተሏት። መጀመሪያ የገባችው እሷ ናት።

እማ ደህና ናት። ጉንፋን ይዟት እጇንም ትንሽ አሟት ተኝታለች። ስልክ መያዝ ይከብዳታል። ሰላም ብላሃለች፤ ብላ ጠጣ ብላሃለች።

ሌላ የምነግርህ አለ። ትናንት ዱቄት ልገዛ ገበያ ወርጄ የሱቁ ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶ ተለጥፎ አየሁ። የሮአር ማስታወቂያ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ከኛ ጋር ይምጡ ይላል። ሰማያዊ ምሽት፣ ሐይቁ እንደ ብርጭቆ፣ መንጋው በአንድ መስመር ሲሮጥ፣ ከሰኮናቸው ሥር የሚነሳው አመዳይ በወርቅ ብርሃን እንደ ጭስ ሆኖ። ሰዎች ቆመው ያያሉ። አንዲት ሴት "እንዴት ደስ ይላል!" ትላለች።

ከፊት ያለችው ሙዜት ናት ዮቭና። የወንዙ አፍ በፎቶው ጠርዝ ላይ ይታያል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቆርጠው ጥለውታል።

ቀደድኩት። ባለሱቁ፣ "ሪስተን፣ የሰው ንብረት እኮ ነው" አለኝ። "አዎ፣ የኔ ነው" አልኩት። ዱቄቱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሪስተን


ሎንግየርቢየን፣ ኤፕሪል 6

ሪስተን፣

ይህን ካነበብሽ በኋላ ከዚህ የባሰ ትጠዪኝ ይሆናል። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ግን ከኔ ስሚው።

ደብዳቤሽ ከመድረሱ ከጥቂት ቀናት በፊት ያ ፎቶ እዚህም መጥቶ ነበር። ሮአር ራሱ ይዞት መጣና የእንግዶቹ ሳሎን ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ሰቀለው። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። "ይህን ብርሃን የያዘ ሰው እጁ ይባረክ" ብያለሁ። ሙዜትን አላወቅኋትም። ጡጦ ያጠባኋትን እንስሳ አላወቅኋትም! የወንዙንም አፍ አላየሁትም። ብርሃኑን ብቻ ነው ያየሁት። ሐይቁን ያልጠረጠርኩት፣ ሮአር "ከፊንላንድ በኩል ነው" ስላለን ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ አልጽናናም።

ደብዳቤሽን ጨርሼ ሳሎን ገባሁና ወንበር ላይ ወጥቼ ተጠግቼ አየሁት። ጆሮዋ ላይ የተቆረጠው የአባባ ምልክት ይታያል። ፎቶው ያን ያህል ጥርት ያለ ነው።

ሮአር ቁርስ እየበላ ነበር።

"ይህ የማን መንጋ ነው?" አልኩት።

"አጋዘን ነዋ።"

"የማን አጋዘን?"

"እኔ ጆሮ አላነብም ዮቭና። ቁጭ በል፣ ብላ።"

"የእህቴ ናቸው። ከዚህ በኋላ ምን እንደሆኑ ታውቃለህ?"

ቂጣው ላይ ቅቤ መቀባቱን አላቆመም። "ሰምቻለሁ። ያሳዝናል። በረዶ ነው፣ ተፈጥሮ ነው፣ ይሰበራል። ልጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላ ነው የሆነው።"

"ድሮን ያስነሳው ማነው?"

"ቦታውን እናትህ ራሷ ነች ያሳየችን" አለኝ። "ያውም እየሳቀች። ሥጋ ሁሉ አብልታቸዋለች። ምኑን ነው የምትከሰኝ? ውሃ ውስጥ በገባች ጊዜ ደግሞ የኛ ሰው እዚያ አልነበረም፤ ይህን ለፖሊስም ተናግረናል።"

"ምን ውሃ? ማን ገባች?"

ቢላዋውን አስቀመጠና አየኝ። "አልነገሩህም እንዴ?" አለኝ።

ሪስተን! እናቴ ውሃ ውስጥ መግባቷን ቅቤ ከሚቀባ ሰው አፍ ልስማ? "ጉንፋን ይዟት እጇን ትንሽ አሟት" ብለሽ ጻፍሽልኝ! ብላ ጠጣ ብላሃለች ብለሽ ጻፍሽልኝ! እኔን ለሌላ ሰው ነገርክ ብለሽ ስትሰድቢኝ፣ አንቺ ለኔ የማይነገር ነገር ትደብቂያለሽ። በየትኛው ሥልጣንሽ ነው? እሷ እኮ የኔም እናት ናት። መንጋው ያንቺ ነው፤ አልከራከርም። እማ ግን ያንቺ ብቻ አይደለችም።

እውነቱን ጻፊልኝ። ሮአር ስለ እማ ያለው ሁሉ ውሸት ነው በይኝና እኔ የማደርገውን አውቃለሁ።

ዮቭና


ሐመርፌስት፣ ኤፕሪል 15

ዮቭና፣

ውሸት አይደለም።

ይህን የምጽፍልህ ከሆስፒታሉ መተላለፊያ ነው። ከካውቶኬይኖ ነው የምጽፈው እያልኩ ያታለልኩህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላው ጊዜ እውነትም ቤት ነበርኩ። እየተመላለስኩ ነው የከረምኩት።

ስንደርስ እማ ቀድማን ሐይቁ ላይ ነበረች። ሐይቁ ዳር ባለችው ጎጆ ውስጥ ስለነበረች በረዶው ሲሰበር የሰማችው እሷ ናት። ገመዷን ይዛ በሆዷ ተኝታ አንዷን ያረገዘች እናት ቀንዷን አስራ እየጎተተች ነበር። ከሥሯ ያለው በረዶ ተከፈተ። ማህተ መጀመሪያ ያወጣት እማን ነው። ገመዱን አልለቅም ብላ ቀኝ እጇ ላይ ጠምጥማው ስለነበር ደም አልዞረም፤ ውርጩ ገባበት። አውራ ጣቷና ትንሿ ጣቷ ቀርተዋል። ሌሎቹን ቆረጡላት። ሳንባዋም ታሞ ነበር፤ አሁን ተሽሏታል፤ ነርሶቹን መሳደብ ጀምራለች።

ቦታውን ያሳየችውም እሷ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት የሮአር ቡድን መሪ ከእንግዶቹ ጋር ጎጆው ደጅ ቆመ። ስልኩን አውጥቶ ያንተን ፎቶ አሳያት፤ አንተና እሱ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፋችሁ። "የዮቭና ባልደረባ ነኝ፤ እናቴን ሰላም በልልኝ ብሎኛል" አላት። አስገባቻቸው፤ የደረቀ ሥጋ ሰጠቻቸው። "እናቶቹን ከሩቅ ብቻ እናያለን፣ ዮቭና እንዳስተማረን" አሏት። እሷም በእጇ አመለከተች።

እኔ ሆስፒታል ውስጥ ራሴን መግዛት አቅቶኝ ጮህኩባት። "እማ፣ ለማያውቁት ሰው እንዴት ይናገራሉ!" አልኳት።

"የልጄ ባልደረባ ደጄ ላይ ቆሞ ብርድ ሲበላው ዝም ልበል? አንቺ ያሳደግሽውን ልጅ ስም ጠርቶ ቢመጣ አታስገቢም?"

"ለዮቭና ልንገረው።"

"እንዳትነግሪው! ስሜ ነው ያስገባቸው ብሎ ሥራውን ይጥላል። ጥሎስ የት ይገባል? አንቺ ታስገቢዋለሽ?"

ብርድ ልብሷን አስተካከልኩላት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለዚህ ነው የደበቅሁህ፤ ስላዘዘችኝ ብቻ አይደለም፤ ስላፈርኩ ነው።

ስንት ሳምንት ሙሉ ያንተን ስም እያነሳሁ ስራገም ከርሜ፣ በደልህ ስምህን መያዝህ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ይቅርታ የሚለውን ጽፌ ሰረዝኩት፤ አስቀያሚ ሆኖ ተሰረዘ፤ ከሥሩ ይነበባል። እንደዚያው ይሂድልህ።

ስላጨበጨብከው ግን አሁንም ተናድጃለሁ።

ሪስተን


ሎንግየርቢየን፣ ሜይ 4

እታለም፣

እንደገና እታለም እላለሁ፤ ከፈለግሽ ሰርዢው።

ደብዳቤሽን ሳነብ የመጣልኝ የመጀመሪያ ሐሳብ በቀጣዩ አውሮፕላን መሳፈር ነበር። ሁለተኛው ሮአርን መምታት። ሁለቱንም አላደረግሁም። እንግዶቼ በበረዶው ጠርዝ መርከብ ላይ ነበሩ፤ ነጭ ድብ የሚዞርበት ቦታ ላይ ጠመንጃ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። በሮአር ተናድጄ እነሱን ጥዬ ብሄድ እኔም ሮአር ነኝ። ተተኪ እስኪመጣ ቆየሁ። ለእማ በየቀኑ እየደወልኩ ነው፤ በግራ እጇ መያዝ ለምዳለች። ስለ ጣቶቿ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ "ወፈርክ ወይስ ከሳህ" ነው የምትለው።

አሁን ያደረግሁትን ስሚ።

ሮአር በየዓመቱ ወቅቱ ሲያልቅ የእንግዶቹን ፎቶ ሰቅሎ ግብዣ ያደርጋል። የደሴቱ ሰው ሁሉ ይመጣል። ዘንድሮ መሐል ላይ የተሰቀለው ያው የሙዜት ፎቶ ነው። ያነሳውም ሰው ከጀርመን ተጋብዞ መጥቷል። ዲትማር ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ ጠጉሩ የነጣ፣ ሲናገር ለራሱ የሚያፍር ዓይነት ሽማግሌ። ለክፋት የተሠራ ፊት ጠብቄ ነበር። የለውም። ይህም ራሱ አናደደኝ።

ሮአር ብርጭቆ አንስቶ፣ "ይህችን ቅጽበት እንዴት እንደያዝካት ንገረን" አለው።

ሽማግሌው ተነሳ። "እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ዕድል ነው" አለ። "መንጋው በራሱ መጣ።"

"በራሱ አልመጣም" አልኩ ከኋላ። ድምፄ እንደዚያ የሚጮህ አልመሰለኝም ነበር።

ሮአር፣ "ዮቭና፣ አሁን አይደለም" አለኝ።

"አሁን ነው። ከፊት ያለችው ሙዜት ትባላለች። ጆሮዋ ላይ ያለው የአባቴ ምልክት ነው። ከዚህ ፎቶ በኋላ በረዶው ተሰበረ። ያረገዙ ናቸው፤ ሰጠሙ። እናቴ እነሱን ስትጎትት ጣቶቿን አጣች። ቦታውን ያገኛችሁት የኔን ስም ለእናቴ ጠርታችሁ ነው። በሉ አሁን አጨብጭቡ!"

ሮአር መሳቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልወጣለትም። ዲትማር ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ይዞት ቆሟል።

"ስንመለስ ከኋላችን ድምፅ ሰምቼ ነበር" አለ፤ ለኔ አይደለም፣ ለወለሉ ነው የተናገረው። "ምንድነው ብዬ ጠየቅሁ። መሪው፣ በረዶው እየዘፈነ ነው፣ ምሽት ላይ እንዲህ ይላል አለኝ። ድምፁን ወድጄው ነበር።"

ሪስተን፣ "ወድጄው ነበር" ሲል የምመታው እሱን መሰለኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። የሥራ መታወቂያዬን አውጥቼ የሮአር ሳህን ውስጥ ጥዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ሽማግሌው ማደሪያዬ ድረስ መጣ። እናንተ ዘንድ መሄድ እፈልጋለሁ አለኝ። "ምን ልታደርግ? ፎቶ ልታነሳቸው?" አልኩት። አድራሻ አልሰጠሁትም። ግን አገሩን ያውቀዋል፤ ከመጣ በሩን ዝጊበት። ውሻውንም ልቀቂበት።

እኔ ለፖሊስ ቃሌን ለመስጠት እዚህ እቆያለሁ። የሮአር ጠበቃ እኔ እዚያ ስላልነበርኩ ቃሌ አይረባም ብሏል። መሪው ደግሞ ድሮን አላስነሳንም ብሎ ምሏል።

ዮቭና


ካውቶኬይኖ፣ ጁን 8

ዮቭና፣

ይህ ደብዳቤ ረጅም ነው። እማ አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ይህንንም ጻፊ፣ ያንን አትጻፊ" ትላለች። አልሰማኋትም፤ ሁሉንም ጽፌዋለሁ።

የደወልክ ቀን ስለ እጇ ጠይቀህ ዝም አለችህ አይደል? የምትለው ስለሌላት አይደለም። ቢላዋ መያዝ አልቻለችም። ሞክራ ወደቀባት። ላንሳልዎ እንዳልላት ብላ በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው፤ አየኋት፤ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ማህተ ከቀሩት አጋዘኖች ጋር ለበጋው ግጦሽ ወደ ባሕሩ ወርዷል። እኔ ከእማ ጋር የቀረሁት የሐይቁ በረዶ ቀልጦ እስኪከፈት ነው። ተከፈተ። የሰጠሙት በድን ወደ ዳር መጣ። ከጎረቤቶቻችን መንጋ ተለይተው የተቀላቀሉም ስለነበሩበት የማን እንደሆነ ጆሮውን እያየሁ መለየት፣ ከዚያም ጎትቶ መቅበር ነበረብኝ። ሽታውን አልነግርህም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሽማግሌህ መጣ። ውሻውን ልልቀቅ ብዬ ነበር፤ ውሻው ግን ሽታው አሳብዶት ቤት ታስሯል። ሰውየው ጫማው የከተማ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ዳር ላይ ቆመ። አንገቱ ላይ ምንም የለም፤ ካሜራ አላመጣም።

"እኔ ነኝ..." አለ።

"ማን እንደሆንክ አውቃለሁ። አንቱ እንድልህ አትጠብቅ" አልኩት።

"አልጠብቅም። ይቅርታ ለመጠየቅ ነው የመጣሁት።"

"እሷን ጠይቃት" ብዬ ሙዜትን አሳየሁት። ቃጭሏ ገና አንገቷ ላይ ነበር።

ማልቀስ ጀመረ። ዮቭና፣ የማላውቀው ቁጣ ነው የመጣብኝ። አልቅሶ ሊገላገል ነው? በኔ ሐይቅ ዳር፣ በኔ እንስሳ ላይ፣ እኔ ሳላለቅስ እሱ ያልቅስ? ገመዱን ደረቱ ላይ ወረወርኩለት። "ማልቀስህን ቤትህ ስትገባ ታለቅሳለህ። ያዝ፣ ጎትት!" አልኩት።

ያዘ። ጎተተ። ወደቀ፣ ተነሳ፣ አስታወከ፣ እንደገና ጎተተ። የሐኪም እጅ ነው፤ ወዲያው ቆሰለ። ጓንት አልሰጠሁትም። እስከ ምሽት አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በማግስቱ ሊቀር ነው ብዬ ስጠብቅ ከኔ ቀድሞ እዚያ ተገኘ። እንዲህ ሆነን ጨረስን።

እማ ምሽቱን አስጠርታ አስገባችው። ተናደድኩባት፤ "አሁንም ደግሞ ሥጋ ሊያበሉት ነው?" አልኳት። "ለሠራ ሰው ምግብ ይሰጣል" አለችኝ። አበላችው። ከዚያ ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ "በደንብ እየው። ፎቶ ስታይ እንደምታየው እየው" አለችው። አየ። እሷም እጇን አልሰበሰበችም፣ እሱም ዐይኑን አላነሳም።

ከዚያ እሱ የተናገረውን ልንገርህ። የዚያን ዕለት ካሜራው ያነሳው አንድ ፎቶ ብቻ አይደለም። ጣቱን ከመጫኛው አላነሳም ነበር፤ ተከታታይ ፎቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ላይ ድሮኑ ከመንጋው በላይ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ከኋላ ደግሞ መሪው በበረዶ ሞተር ወደ ወንዙ አፍ ሲገፋቸው ይታያል። ሮአር "የሚያምረውን ብቻ ስጠን፣ ሌላውን አጥፋው" ብሎት ነበር። አላጠፋውም። ሁሉንም ይዞ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል። መኮንኑ፣ "አንተም አብረህ ትከሰሳለህ እኮ፤ እዚያ ተኝተህ ስታነሳ የነበርከው አንተ ነህ" ሲለው፣ "አውቃለሁ፤ ጻፈው" አለ። አብሬው ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማስረጃ የለም ተብሎ የተዘጋው መዝገብ እንደገና ተከፍቷል። መሪው መካዱን ትቶ፣ ግፋቸው ያለኝ ሮአር ነው ብሏል።

ሽማግሌው ሲሄድ እጁን ዘረጋ። እማ ግራ እጇን ሰጠችው። እኔ አልሰጠሁትም። ይቅርታ አላደረግሁለትም፤ ምናልባትም አላደርግለትም። እማ "ድንጋይ ነሽ" ብላኛለች። ልሁን። ገና ስነቃ እናደዳለሁ፤ ፊቴን ስታጠብ እናደዳለሁ፤ ማህተ ከባሕሩ ዳር ደውሎ ስንት ግልገል እንደተወለደ ሳይሆን ዝም ብሎ "ተወልደዋል" ሲለኝ እንኳ እናደዳለሁ፤ ዝምታው ውስጥ ያልተወለዱት ይሰሙኛልና።

"አንቺ ታስገቢዋለሽ?" ብላ እማ የጠየቀችኝን አስታውሰህ ይሆናል፤ አንተ በደብዳቤህ ስለዚህ አንድ ቃል አላነሳህም። ኩራትህ ነው። እኔ ላንሳው። አባባ ሲሞት ሁለት ቤት አያበላም ያልኩት እኔ ነበርኩ። አሁን አንዱንም በቅጡ አያበላም። ስለዚህ ልዩነት የለውም፤ ና።

ግልገሎቹን ለምልክት ጆሯቸውን የምንቀድበት ጊዜ ደርሷል። በዚህ ቤት ያን የምትሠራው እማ ነበረች፤ እጇ ፈጣን ስለነበረ እንስሳው ሳይሰማው ያልቅ ነበር። ዘንድሮ አንተ ቢላዋውን ትይዛለህ፤ እሷ አጠገብህ ቁጭ ብላ ትሰድብሃለች። ባሕሩ ዳር ድንኳኑ ተተክሏል። ማህተ የሚተኛበትን ጎን ለቆልሃል፤ ስለ እሱ የጻፍከውን ሰምቷል፤ ለእማ ነግሬያት ነበር፣ እሷ ነች የነገረችው። ራስህ ትታረቀዋለህ።

እሑድ በአልታ በኩል የሚያልፈውን አውቶቡስ ያዝ። ስትወርድ ይቅርታ፣ እንዴት ነበር፣ ምን ሆነ እያልክ እንዳትጀምረኝ። ሥራ አለ።

እህትህ ሪስተን